አሥረኛው ተጫዋች

አቃቂ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስሜን ሲያነሱ አንዲት ኳስ አብረው ያነሳሉ። ለቅሶ ቤት ይሁን ሠርግ ቤት፣ አንዱ ወደ እኔ ይጠቁምና ለልጁ የሆነ ነገር ሹክ ይለዋል፤ ልጁም ዞር ብሎ በአድናቆት ያየኛል። ምን እንዳለው አውቃለሁ። ስንት ጊዜ «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብዬ ላስረዳ ሞክሬ ሰሚ አጥቻለሁ። ሰው አንዴ የወደደውን ወሬ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደነበር እኔው ባለቤቱ ልንገራችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ባቡር ላይ ሲሠራ ኖሮ በልጅነቴ የሞተብኝ፣ ከእናቴ ጋር ብቻዬን የምኖር ልጅ ነበርኩ። ከአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥሬ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ለፋብሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን በጋርድነት እጫወታለሁ። ጋርድ ማለት ኳሷን ከኋላ አንጥሮ የሚያመጣ፣ ለጓደኞቹ የሚያከፋፍል፣ ጨዋታውን የሚመራ ሰው ነው። እኔ ማንጠሩን እንጂ ማከፋፈሉን አላውቅበትም ነበር። ኳሷ እጄ ከገባች መንገዷ አንድ ነው፣ ወደ ቅርጫቱ። ደግሞ አገባ ነበር። ለትሕትና ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፤ በዚያ ዘመን ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ እንደ እኔ አነጣጥሮ የሚወረውር አልነበረም።

«ብርሃኑ፣ ከኳሷ ጋር በሰማንያ ተጋባችሁ እንዴ?» ይለኝ ነበር ግርማ፣ ረጅሙ ተጫዋቻችን። «ለእኛም እኮ አንዳንዴ ሰላም ብትለን ምን አለበት?»

አሰልጣኛችን ጋሽ ለማ ግን ቀልድ አያውቁም። የፋብሪካው መካኒክ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ተጫውተዋል። ልምምድ ባለ ቁጥር እኔ ላይ ነው የሚጮኹት። ግራ እጅህን አሠራው ይሉኛል። ተከላከል ይሉኛል። ቀና በልና ሜዳውን እይ ይሉኛል። አንድ ቀን ጎትተው ወስደውኝ «እስቲ አንድ ጨዋታ፣ አንዲት ጨዋታ ብቻ፣ ሳትወረውር ተጫወትልኝ» አሉኝ።

«ካልወረወርኩማ ሜዳ ምን ልሠራ ገባሁ ጋሼ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ያ ወቅት የአፈሳ ወቅት ነበር። ሰሜን ያለው ጦርነት ሰው ያልቅበታል፣ ከየቀበሌው ወጣት ይታፈሳል። ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ማሠልጠኛ ካምፕ ልትገኝ ትችላለህ። እኛን የሚጠብቀን የፋብሪካ መታወቂያችን ነበር፤ ምርት ላይ ያለ ሠራተኛ አይነካም ተብሏል። ችግሩ፣ ግቢ ስንገባ መታወቂያችንን በር ላይ እናስረክባለን። መታወቂያዎቹ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፤ ሳጥኑን የሚከፍተው የፈረቃ ኃላፊው ነው፣ እሱም አመሻሽ ላይ ፈረቃ ሲቀየር ብቻ። የስርቆት መከላከያ ብለው ያወጡት ደንብ ነው። ይህን ደንብ ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ዕለቱ እሁድ ነው፣ ከቀትር በኋላ። ከቤት ስወጣ እናቴ «ምሳህን ሳትበላ? በል ሸፍኜ አስቀምጥልሃለሁ፣ እንዳትቆይ» አለችኝ። ሜዳችን ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ያለ ሲሚንቶ ነበር። ሰሌዳዎቹን የፋብሪካው ብየዳ ክፍል ከውሃ ቧንቧና ከጣውላ ሠርቶልናል፤ መረቡን የፈትል ክፍል ሴቶች ከራሱ ከፋብሪካው ክር ቋጥረውልናል። በአንድ በኩል የግቢው ግንብ አለ፣ ከግንቡ ወዲያ መንደር። ግንቡ ጥግ ላይ ወደ ወንዙ የምታወጣ ትንሽ የቆርቆሮ በር ነበረች።

የዚያን ቀን ታደሰ የሚባለው ልጅ አሞት ቀርቶ ዘጠኝ ሆነን ነበር። አምስት ለአራት ተከፍለን ጀመርን፤ እኔ ከአራቱ ወገን ነኝ። ብዙም ሳንጫወት ከመንደሩ በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ የውሾች ጩኸት፣ ቀጥሎ ፊሽካ። ሁላችንም ቀጥ አልን። ማንም «ምንድነው?» ብሎ አልጠየቀም።

«ተጫወቱ» አሉ ጋሽ ለማ ዝግ ባለ ድምፅ። «አትቁሙ፣ ተጫወቱ።»

ኳሷን ማንጠር እንደጀመርኩ አንድ ሰው ከግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ እኛ ዘለለ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተንገዳገደ። በዓይን አውቀዋለሁ። ቶፊቅ ይባላል፤ ከወሎ መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚኖር፣ በዚያው በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ፋብሪካው አጠገብ ሕንጻ ይሠራ ስለነበር ከመኪና ላይ ጡብ ሲያወርድ ሁልጊዜ አየዋለሁ። አንዱ ከላይ ይወረውርለታል፣ እሱ ተቀብሎ ለቀጣዩ ይወረውራል።

«ወንድሞቼ፣ በአላህ!» አለ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ጋሽ ለማ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። የቡድኑን ከረጢት ከፍተው የታደሰን ማሊያና ቁምጣ ወረወሩለት። «ቶሎ!» አሉት። ሱሪውንና ሸሚዙን ከኳሶቹ ስር ወሸቁት። እግሩን ሲያዩ በረባሶ ነው ያደረገው። ከጎማ በተሠራ በረባሶ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ሰው ደግሞ የለም። ጋሽ ለማ የራሳቸውን ሸራ ጫማ አውልቀው ሰጡትና በረባሶውን እሳቸው አጠለቁት። ከዚያ ሄደው ሜዳው ዳር ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ቆሙ፤ እግራቸው እንዳይታይ።

«ኳስ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የትኛውን ኳስ?» አለኝ።

ግርማ ሳያስበው ሳቀ። ጋሽ ለማ ከበርሜሉ ጀርባ ሆነው አዩኝ። «ብርሃኑ፣ ያንተ ነው» አሉኝ።

የቆርቆሮዋ በር በእርግጫ ተከፈተች። አንድ መቶ አለቃና ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ታጣቂዎቹ የእኛ ቀበሌ ሰዎች አይደሉም፤ ለዘመድ እንዳያደሉ እያሉ ከሌላ ቀበሌ ነበር የሚያመጧቸው። መቶ አለቃው ወፍራም፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ነው። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን።

«አንድ ሰው በዚህ ግንብ ገብቷል» አለ። «የታል?»

«እዚህ የገባ የለም ጓድ መቶ አለቃ» አሉ ጋሽ ለማ። «ሁሉም የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፣ የኳስ ቡድኑ ነው።»

«መታወቂያ!»

ጋሽ ለማ የሳጥኑን ነገር አስረዱት። መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። የታፈሱት የሚጫኑበት ወታደራዊ መኪና፣ ኦራሉ፣ ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እስኪመሽ የሚቆምበት ጊዜ የለውም። ዞር ብሎ እንደገና አየን፤ አሥር ሰው፣ አሥር ማሊያ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ፈገግታ አልለውም።

«እኔም በጦሩ ውስጥ እግር ኳስ ተጫውቻለሁ» አለ። «አጥቂ ነበርኩ፣ እግሬን እስክመታ ድረስ። ኳስ የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ከዓይኔ አያመልጥም። በሉ ተጫወቱ። ውሸታሙን እኔ ራሴ አወጣዋለሁ።» ወደ ቀበሌው አቅጣጫ በጣቱ ጠቁሞ ጨመረ። «እየተዛዘናችሁ ከቀለዳችሁብኝ ግን ሁላችሁንም ነው የምጭነው። መታወቂያችሁን ካምፕ ድረስ ያመጡላችኋል።»

እኛ አምስት ሆንን፣ እነሱም አምስት። ቶፊቅ ከእኔ ወገን ነው፣ ግርማ ከተቃራኒ።

ኳሷን ይዤ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነበር፤ ለቶፊቅ ጭራሽ ኳስ አለመስጠት፣ እንደ ልማዴ ብቻዬን መሄድ። ሁለቴ ወዲያና ወዲህ ስንሮጥ ግን መቶ አለቃው የሚያየው ኳሷን ሳይሆን ኳስ ያልደረሰውን ሰው መሆኑ ገባኝ። ዓይኑ ከቶፊቅ አልነቀል አለ። ቶፊቅ ደግሞ እጁን አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ ሰውየው ያያል። ምርጫ አልነበረኝም። ኳሷን በኃይል ወረወርኩለት።

ያዛት! በሁለት እጁ፣ ሆዱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ። ወዲያው ደግሞ ሳይዘገይ፣ ሳያስብ፣ መልሶ ወረወረልኝ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጡብ የሚቀበል ሰው ይዞ አይቆምም፤ ቀጣዩ ጡብ እየመጣበት ነው። ይህ ልጅ ማንጠር አይችልም፣ መወርወር አይችልም፣ መቀበልና መመለስ ግን ከእኛ ከሁላችንም በላይ ይችላል። ሰጠሁት፣ መለሰልኝ። ሮጬ ሄጄ ሰጠሁት፣ መለሰልኝ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ዓመት አብረን የተጫወትን እንመስል ነበር።

ቢሆንም አልበቃም። መቶ አለቃው ለታጣቂዎቹ «ያ ረጅም አንገት ያለው ለምንድነው አንዴም የማይወረውረው?» ሲል ሰማሁት። ረጅም አንገት ያለው ቶፊቅ ነው። ተጠግቼ አልፌው ስሄድ «ከቅርጫቱ ስር ቁምና ጠብቀኝ» አልኩት። «ስሰጥህ ሰሌዳው ላይ በቀለም የተሳለችውን ነጭ ሳጥን ምታት። ቀስ ብለህ።»

«ቀስ ማለት እንዴት?»

«እንቁላል አድርገህ አስባት።»

ኳሷን ይዤ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ሮጥኩ። ግርማ መጣብኝ። ሌላውም ይዞት የነበረውን ሰው ትቶ ወደ እኔ መጣ። ለምን እንደመጡ ታውቃላችሁ? ብርሃኑ ኳስ ለሰው እንደማይሰጥ ስለሚያውቁ ነው! ስንት ዘመን የተሰደብኩበት ስስት እዚያች ደቂቃ ላይ ጠቀመኝ። ሁለቱም በላዬ ሲዘሉ ኳሷን በብብታቸው ስር አሳልፌ ለቶፊቅ ሰጠሁት። ብቻውን ነበር። ነጯን ሳጥን መታት። ኳሷ ቀለበቱ ላይ ትንሽ አመንትታ ገባች።

«ጎል!» ብሎ አጨበጨበ መቶ አለቃው።

እኔ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ደስታ ነው። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ራሴ ካገባኋቸው ኳሶች ሁሉ የበለጠ ደስ አለኝ። ለምን ቀደም ብሎ አልቀመስኩትም ብዬ ልናደድ ሁሉ ቃጣኝ፤ ጊዜው አልነበረም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያልበኛል። ስንከላከል ቶፊቅ ማንን መያዝ እንዳለበት አያውቅም። የእሱንም የእኔንም ሰው እኔው መያዝ ነበረብኝ። እኔ፣ ተከላከል ሲባል ወገቤን ይዤ የምቆመው ሰውዬ! ግርማ ወደ ግራ ሲገፋኝ በግራ እጄ አነጠርኩ፤ ያቺ የናቅኳት እጅ እንደ አቅሟ ሠራች። ዓይኔን ደግሞ ከኳሷ አንስቼ ሜዳው ላይ ጣልኩት። ቶፊቅ የት ነው? መቶ አለቃው ወዴት እያየ ነው? ግርማ የት ደረሰ? ጋሽ ለማ ስንት ዘመን ቀና በልና እይ ያሉኝን ያኔ አየሁት።

አንዴ ግን ሊያልቅልን ነበር። ቶፊቅ ኳሷን ተቀብሎ ፊት ለፊቱ ባዶ ሲሆንበት ጊዜ ተጫዋች የሆነ መሰለውና አቅፏት ሮጠ! ሳያነጥር፣ እንደ ሰረቀ ሰው ደረቱ ላይ አጣብቆ። ኳስ ለማያውቅ ሰው እንኳ የሚያስቅ ነገር ነው። የጋሽ ለማ ፊሽካ ጮኸ። ሁላችንም ደርቀን ቀረን።

«ፋውል!» አሉ ጋሽ ለማ። «ግርማ! ማሊያውን ጎትተሃል። ስንቴ ልንገርህ?»

ግርማ ከቶፊቅ ብዙ እርምጃ ርቆ ነበር የቆመው። ጋሽ ለማን አየ፣ ቶፊቅን አየ። ከዚያ ጥፋቱን እንዳመነ ተጫዋች እጁን ከፍ አድርጎ አነሳ። «ይቅርታ ጋሼ» አለ። መቶ አለቃው ቅንድቡን ሰብስቦ ትንሽ አሰበና ተወው። የእግር ኳስ ሰው ስለነበር ዳኛ ያለውን ይቀበላል።

ቶፊቅ ሁለተኛ ኳስ አገባ። እነ ግርማም አገቡ። የእኔም ጓደኞች አገቡ፤ ሁሉንም ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። በመጨረሻ መቶ አለቃው እጁን አነሳና «ይበቃል፣ ተሰለፉ» አለ።

ጎን ለጎን ቆምን። ከዳር ጀምሮ እያነከሰ አንድ በአንድ አየን። ግርማ ጋ ሲደርስ ሽቅብ አየውና አለፈው። ቶፊቅ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልቤ በጆሮዬ በኩል የምትወጣ መሰለኝ።

«አንተ ዝምተኛው» አለው። «ሁለት አግብተሃል። ጎበዝ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከዚያ እኔ ፊት ቆመ።

«አንተስ?»

«አቤት» አልኩ።

«ስንት አስቆጠርክ?»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጨዋታ ተጫውቼ አንዴም ወደ ቅርጫቱ አልወረወርኩም። «ምንም» አልኩት።

«አይቼሃለሁ» አለ። «ኳሷ እጅህ በገባች ቁጥር እሳት እንደነካው ሰው ለሌላ ትሰጣለህ። ትፈራታለህ። ተጫዋች እንዲህ አያደርግም።» ወደ ታጣቂዎቹ ዞረ። «ይሄ ነው።»

ልትስቁ ትችላላችሁ። እኔ ግን አልፈርድበትም። ሰውየው አጥቂ ነበር፤ ተጫዋች ማለት የሚያገባ ነው ብሎ ያምናል። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የማምነው ይህንኑ ነው። እኔ መቶ አለቃውን ብሆን ኖሮ ከአሥሩ መሃል የምመርጠው ራሴን ነበር።

ጋሽ ለማ ከበርሜሉ ጀርባ በባዶ እግራቸው ወጡ። በረባሶውን አውልቀውት ነው። «ጓድ፣ ተሳስተዋል» አሉ። «ይሄ ልጅ የእኔ ምርጥ…»

«እሱ ካልሆነ ማን ነው?» አለ መቶ አለቃው።

የጋሽ ለማ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም አየኋቸው። ቶፊቅን አላዩትም፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ እንኳ መንቀል ፈሩ። አንዲት ቃል ከወጣች እኔ እቀራለሁ፣ ቶፊቅ ይሄዳል።

መቶ አለቃው ኳሷን አንስቶ ደረቴ ላይ ጣላት። «እሺ፣ ዕድል ልስጥህ። ከዚያ መስመር ላይ ቁም። ካገባህ ተጫዋች ነህ፣ ሌላውን እፈልጋለሁ። ከሳትክ ኦራሉ ይጠብቅሃል።»

የነጻ ውርወራ መስመር ላይ ቆምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ የማገባበት ቦታ ነው። ቶፊቅን አየሁት። ከሰልፉ ግማሽ እርምጃ ወጥቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። የተሸፈነው ምሳዬ ትዝ አለኝ። እናቴ ሌላ ልጅ የላትም። ሁለቴ አነጠርኩ፣ ጉልበቴን አጠፍ አደረግኩ፣ ወረወርኩ።

ኳሷ ቀለበቱን መታች። ሽቅብ ነጠረች፣ እንደገና ቀለበቱ ላይ አረፈች፣ አንዴ ዞረች። ከዚያ ወደ ውጭ ወደቀች።

ታጣቂዎቹ ክንዴን ያዙኝ። ማሊያዬን እንኳ አላወለቅኩም። ኦራሉ ላይ ስወጣ አንዲት የሰፈራችንን ሴት አይቼ «ለእማዬ ንገሪልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ለማ ቶፊቅን ደብቀው፣ የፈረቃ ኃላፊውን ለምነው ሳጥኑን አስከፍተው፣ መታወቂያዬን ይዘው ቀበሌ ሲደርሱ ግን የቀረው የኦራሉ አቧራ ብቻ ነበር። ይህን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለ ግንባሩ አልተርክላችሁም። ብዙዎች ከእኔ የበለጠ አይተዋል፣ ብዙዎች አልተመለሱም። ይህን ብቻ ልበል፤ በዚያ ቦታ ከጎኔ ያለውን ሰው ቀና ብዬ ማየቴ እኔንም እሱንም ያተረፈበት ቀን ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ከደሴ ወዲህ ያለውን መንገድ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ተመለስኩ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ስሜን መጥራት አቅቷት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

በሳምንቱ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ልጆቹ እየተጫወቱ ነበር። ኳሷን ከኋላ የሚያመጣው አንድ ረጅም አንገት ያለው ሰው ነው። በግራም በቀኝም ያነጥራል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያቀብላል። መቶ አለቃው ጎበዝ ብሎ ትከሻውን ስለመታው ቶፊቅ ከዚያ ወዲያ ተጫዋች ከመሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጋሽ ለማ ፋብሪካው ውስጥ አስቀጥረውት፣ በየቀኑ አሠልጥነውት፣ በእኔ ቦታ ጋርድ አድርገውታል።

ሲያየኝ ኳሷን ለቀቃት። እየሮጠ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና ብዙ አለቀሰ። ልጆቹ ሲሄዱ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ሆን ብሎ ነው የሳተው ይላል። ለእኔ ብለህ ነው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። በሙሉ ልቡ ያመነኝ ነበር፣ ዕድሜ ልኬንም ጀግና አድርጎ ያኖረኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ይህ ነገር ምን ያህል እንደከበደው ገባኝ። «አይደለም» አልኩት። «ላገባት ነው የወረወርኳት። በሙሉ ልቤ እንድትገባ ፈልጌ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።»

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሳቀ። እንባው እየወረደ ሳቀ። «እኔም እኮ እኔ ነኝ ልል ነበር» አለ። «ወላሂ ልል ነበር። ድምፄ እምቢ አለኝ።»

«አይቼሃለሁ» አልኩት።

እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም መኖር የፈለግን ልጆች ነበርን፤ ከዚያ ወዲያ አንዳችን ለሌላችን አንገት የምንደፋበት ነገር አልቀረም። እስከ ዛሬ ከእሱ የቀረበ ወንድም የለኝም። ልጆቹ አጎቴ ይሉኛል።

እንግዲህ ያቺ አቃቂ የምታወራላት ኳስ ይህቺ ናት። ዛሬ የሰፈር ልጆችን አሠለጥናለሁ፤ እኔን የመሰለ ስስታም በየዓመቱ አንድ አይጠፋም፣ እንደ ጋሽ ለማም እጮኽበታለሁ። እናንተም ነገ አንዱ ወደ እኔ ጠቁሞ «ሆን ብሎ የሳተው ሰውዬ ይሄ ነው» ቢላችሁ፣ አትመኑት። ያቺን ኳስ ሆን ብዬ አልሳትኳትም። ከእሷ በፊት ያሉትን በሙሉ ግን ያቀበልኩት ሆን ብዬ ነው።